«ራጁ ምንም አላሳየም»

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ያለ፣ ነገር ግን በጸሎት ርእስ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ የሚረሳ ነው። እርሱም ለወራትና ለዓመታት የማይለቅ ሕመም ነው። ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ወይም እየተመላለሰ የሚያስቸግረውን ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። የወገብ ሕመም ብቻውን በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች እንደነበረባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ከ13 ሰው አንዱ ማለት ነው። እሑድ የምትቀመጡበትን አግዳሚ ወንበርና ከፊቱ ያለውን ቁጠሩ።

የልደታን ሰፈር ብንወስድ፣ የድሮዎቹ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በብዙው ስፍራ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። መሬት ላይ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ዛሬ በደረጃ ወጥቶ ይገባል። ውኃ በጠፋ ቀን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት 20 ኪሎ ተሸክሞ መውጣት ነው። ወገቧን የሚያማት እናት ይህንን ታደርጋለች፤ ልብስ በሳፋ ጎንበስ ብላ ታጥባለች፤ መሬት ላይ በተቀመጠ ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች። ማታ ባሏ ሲገባ «ዛሬስ እንዴት ነሽ?» ይላታል። «ያው ነው» ትላለች። በመጀመሪያው ወር ሁለቱም ከልባቸው ነበሩ። በስምንተኛው ወር እርሱ መልሱን ሳይሰማ ጫማውን ያወልቃል፤ እርሷም መናገር ትተዋለች።

ከዚያ ራጅ ትነሣለች። «ምንም የለም» ይባላል። ከሕመሙ ይልቅ ትዳሩን የሚጎዳው ይህች ቃል ናት። ባል በአፉ ባይናገርም በልቡ «እንግዲህ አጥንቷ ደኅና ከሆነ ምን ሆና ነው?» ይላል። ሚስትም ራሷን መጠራጠር ትጀምራለች።

ወንድሜ፣ ራጅ የሚያሳየው በዋናነት አጥንትን ነው። ስብራትን፣ መጣመምን፣ የመገጣጠሚያን መበላት ያሳያል። የጡንቻን መወጠርና የነርቭን መቆጣት አያሳይም። በተቃራኒው፣ ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ኤም.አር.አይ. ሲነሡ ዲስካቸው ተንሸራትቶ ይገኛል። ስለዚህ ፎቶው ሌላ፣ ሕመሙ ሌላ ነው። ነገሩን በግቢ ውሻ መመሰል ይቻላል። አንድ ሌሊት ሌባ ገባ፤ ውሻው ጮኸ፤ ሌባው ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ውሻው ድመት ስታልፍም፣ ቅጠል ሲወድቅም ይጮኻል። ሌባ የለም፤ ጩኸቱ ግን እውነት ነው፤ የቤቱ ሰው እንቅልፍ ማጣቱም እውነት ነው። ሥር በሰደደ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ ጉዳቱ ከዳነ በኋላም የነርቭ ሥርዓቱ በትንሹ መደንገጡን አይተውም። «ውሸቷን ነው» ማለት ውሻው አልጮኸም እንደ ማለት ነው።

ይህን ውሻ ቀስ በቀስ የሚያረጋጋው አብዛኛውን ጊዜ መተኛት ሳይሆን መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ መማርንና የሥነ ልቦና እርዳታን ይመክራል፤ ከገበያ የምንገዛውን የወገብ ቀበቶ ግን ለዘወትር ሕክምና አይመክርም። ፊዚዮቴራፒ የተላከ ሰው «ማሸት ብቻ ነው» ብሎ ሁለት ቀን ሄዶ እንዳይተወው።

አስቸጋሪው ደኅና የሆኑበት ቀን ነው። ሕመሙ ቀለል ሲላት እህታችን ብርድ ልብሱን ሁሉ ታጥባለች፣ የሳምንት እንጀራ ትጋግራለች፣ ማታም የአዳር ጸሎት ትሄዳለች። ከዚያ አራት ቀን አልጋ ላይ። ይህንን የሚሰብረው ሥራን በሕመም ሳይሆን በሰዓት መለካት ነው። 15 ደቂቃ ሠርቶ፣ ገና ሳያም ማረፍ። በመጥፎ ቀን የሚቻለውን ያህል ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር። ምጣዱን ወገብ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት፤ ባለ 20 ሊትሩን ትቶ በባለ 5 ሊትር መመላለስ። ለነገሩ ጀሪካኑን ባል ቢያወጣውስ? በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስብከት «ሚስትህን ውደድ» የሚለው ብዙ ጊዜ ደረጃው ላይ አይደርስም።

ስለ መኝታም እናንሣ፤ ዝምታው ነው የሚጎዳው። የሚያማት ሚስት ወይም የሚያመው ባል ሲሸሹ ሌላኛው «ጠልቶኛል» ይላል። ይህን በጨለማ ሳይሆን በቀን፣ ቡና እየጠጡ መነጋገር ይሻላል። የትኛው ሰዓት ይቀላል? እንዴት ሆነን አያምሽም? ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮ. 7 ባልና ሚስትን ስለዚህ ጉዳይ ሲያስተምር ስምምነትን አስቀድሟል።

መድኃኒትን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ፣ በተለይም በጾም ጸሎት ሳምንት፣ ጨጓራን ሊያቆስሉ ይችላሉ፤ ለብዙ ጊዜ ያለ ሐኪም ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ፣ ደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ጎረቤት የሰጠችውን ኪኒን አትጨምሩበት። እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በተቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የወገብ ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣም ሳትዘገዩ ታዩ፤ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ይህን አምነን እንጸልያለን። ይሁን እንጂ እጅ ከተጫነባት በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃት እህት «እምነት ጎድሏት ነው» ሲባል እንሰማለን። እንዲህ የሚል ሰው ጢሞቴዎስን ምን ሊለው ነው? ጳውሎስ ስለ ሆዱና ስለ ዘወትር ደዌው የሰጠው ምክር የመድኃኒት ምክር ነው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)፤ ወይን መሆኑ ለእኛ ለወንጌላውያን ትንሽ ቢያስቸግረንም። ጥሮፊሞስንም ታሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። ስለ ራሱ መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘውንም መልስ እናውቃለን (2ኛ ቆሮ. 12)። የኢዮብ ወዳጆች ደግሞ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ (ኢዮብ 2፥13)። አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ጥሩ አገልጋዮች ነበሩ።

የጸሎት አገልጋዮች «መድኃኒትሽን ጣዪው» ማለትን ተዉ። መዝሙር ሲረዝም የሚቀመጠውን ሰው አትገላምጡት። የቤት ለቤት ኅብረታችሁን አራተኛ ፎቅ ካደረጋችሁትም፣ ደረጃውን መውጣት ያልቻለችው እህት በዚህ ወር ስንት ጊዜ እንደቀረች ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምድር ቤት በሚኖር ሰው ቤት አድርጉት፤ መደገፊያ ያለው ወንበርም አዘጋጁላት።