ከቀለሙ በታች

አሥር ጠብታ አረንጓዴ፣ አንድ ጠብታ ነጭ፣ በስንጥር ጫፍ የተነካ ጥቁር። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የጀርመን አውሮፕላን በትንሹ ሠርቶ የሚቀባ ሰው ሥራውን የሚጀምረው እንዲህ ባለ ቅመማ ነው። አውሮፕላኑ ፕላስቲክ ነው፤ መጠኑም የእውነተኛው አንድ ሰባ ሁለተኛ ወይም አንድ አርባ ስምንተኛ ቢሆን ነው። ቀለሙ ግን ሌሊቱን ያጋምሳል። ነገሩን የልጅ ጨዋታ ብሎ ማለፍ ይቀላል። በበኩሌ ግን ይህ ሥራ ከጸሐፊ ሥራ ጋር ዝምድና ያለው፣ ፈተናውንም የሚጋራ ሆኖ ይታየኛል። በዚህ ጽሑፍ ልሟገት የፈለግሁትም ስለዚሁ ፈተና ነው።

አስቀድሞ ስለ ቀለሙ እናውራ። የጀርመን የአቪዬሽን ሚኒስቴር የአውሮፕላን ቀለሞችን በቁጥር ይጠራቸው ነበር። 02 ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ነው፤ 65 ፈዛዛ ሰማያዊ፤ 70 ወደ ጥቁር የተጠጋ አረንጓዴ፤ 71 ደግሞ ከእርሱ ጥቂት ፈካ የሚል አረንጓዴ ነው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ጠላት ከደንና ከማሳ ጋር እንዲመሳሰል የአውሮፕላኑ ጀርባ በአረንጓዴ ይሸፈናል፤ ከምድር ሆኖ ለሚያንጋጥጥ ደግሞ ከሰማይ ጋር እንዲመሳሰል ሆዱ ሰማያዊ ይቀባል። እ.ኤ.አ. በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ከተዋጉት ሜሰርሽሚት 109 አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ከላይ 71 እና 02ን፣ ከጎንና ከታች 65ን የለበሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው መመሪያ ደግሞ ለተዋጊ አውሮፕላኖች 74፣ 75 እና 76 የተባሉትን ግራጫ ቀመስ ቀለሞች ደነገገ።

ሁሉም በቁጥር የተደነገገ ከሆነ ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ቁጥር ቀለም አለመሆኑ ነው። ቀለም በፀሐይ ይገረጣል፣ በዝናብ ይታጠባል፣ በሞተር ጢስ ይጠቁራል፤ በጥገና ጊዜም ከሌላ ቆርቆሮ በወጣ ቀለም ይደረባል። የዘመኑ ፎቶግራፍ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። እርሱም ቢሆን ሙሉ እምነት አይጣልበትም፤ ቀይ ብርሃን የማይሰማው የያኔ ፊልም ቀዩን አጥቁሮ፣ ሰማያዊውን አንጥቶ ያሳያልና። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጣው 81 ደግሞ ይባስ ያስቸግራል፤ የአንዱ ፋብሪካ ሰነድ «ቡናማ ሐምራዊ» ሲለው፣ የሌላው «የወይራ ቡናማ» ይለዋል። በጦርነቱ ማብቂያ በአንዳንድ አውሮፕላኖች ሆድ ላይ ለታየው አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ ሞዴል ሠሪዎች «84» የሚል ቁጥር አውጥተውለታል፤ ሚኒስቴሩ ለዚያ ቀለም ይህን ቁጥር እንደ ሰጠ የሚያስረዳ የታወቀ ሰነድ ግን የለም።

ሞዴል ሠሪው በዚህ ሁሉ ጥርጣሬ መካከል ተቀምጦ ይቀምማል። ጥቁርና ነጭ ቢቀላቅል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ግራጫ ይወጣዋል። ቢጫ ጠብ ሲያደርግበት ወደ አረንጓዴ ይዞርና ወደ 02 ይቀርባል። እርጥብና ደረቅ ቀለም አንድ ስላልሆኑ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ መስኮት አጠገብ ወስዶ ይመለከተዋል፤ ካልረካ እንደገና ይጀምራል። ለአንድ ስንኝ የሚስማማ ቃል ፍለጋ ያደረ ገጣሚ ይህን ትጋት አይንቀውም።

አንድ ሌላ ብልሃትም አለ። ትክክለኛው ቀለም በትንሿ አውሮፕላን ላይ እንዳለ ቢቀባ ከመጠን በላይ ጠቁሮ ይታያል። እውነተኛውን አውሮፕላን የምናየው ከሩቅ ስለሆነ በመካከል ያለው አየር ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ብዙዎች በቀለሙ ላይ ነጭ ይጨምሩበታል፤ ሞዴሉ ባነሰ ቁጥር ነጩ ይበዛል። ርቀት በጠብታ ይለካል ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የነጭ ጠብታ ነው። ርቀት የሚያደበዝዘው ቀለምን ብቻ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1937 ሰኞ፣ የገበያ ቀን ነበር። የጀርመን ኮንዶር ሌጌዎን፣ ከዓመት በፊት የእኛን ሰማይ ካስጨነቀው የኢጣሊያ አየር ኃይል ጋር ሆኖ፣ ጌርኒካ የተባለችውን የባስክ ከተማ በቦምብ ደበደበ። ሞዴል ሠሪው በዚያ ዘመን የጀርመን ቦምብ ጣዮች ስለለበሱት ስለ 61፣ 62 እና 63 ማለትም ስለ ቡናማው፣ ስለ አረንጓዴውና ስለ ግራጫው ይመራመራል። ፒካሶ ግን በዚያው ዓመት ስለዚያችው ከተማ ሲሥል በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ብቻ ጨረሰው። በሸራው ላይ የሞተ ልጇን የታቀፈች እናት አለች፣ የሚያጓራ ፈረስ አለ፣ በሬ አለ፤ አውሮፕላን የለም። እርሱ የሣለው ከሰማያዊው ሆድ በታች የነበረውን ነው።

ከቀለሙ በታች ሌሎችም አሉ። በኦራንየንቡርግ የነበረው የሃይንክል ፋብሪካ የዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን ያሠራ ነበር። በፍሎሰንቡርግ ማጎሪያም ከ1943 ጀምሮ እስረኞች ለሜሰርሽሚት የአውሮፕላን ክፍሎችን ይሠሩ ነበር። ስለ 74 እና 75 ልዩነት የሚጨነቅ ሰው ቀለሙ የተቀባበትን ብረት ማን እንደ ቀጠቀጠው ባይጠይቅ ጥናቱ ጎደሎ ነው።

እንግዲህ ሞዴሉ ይሰበር፣ ቀለሙ ይደፋ ማለቴ ነውን? አይደለም። የጀርመን ሕግ የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየትን ስለሚከለክል፣ በዚያ አገር በሚሸጡ ሞዴሎች ጅራት ላይ ስዋስቲካው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሕጉን አከብራለሁ፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ነገር ግን ባዶ ጅራት አውሮፕላኑን ንጹሕ አያደርገውም። «እኔ ቀለም እንጂ ፖለቲካ አልቀላቅልም» የሚለው መልስም አያሳምነኝም። ለአንድ ግራጫ እውነተኛነት ሌሊቱን የሚያጋምስ ሰው፣ እውነት ከቆርቆሮው ቆዳ ላይ ሲደርስ እንድትቆም የሚያዝዛት በምን ሥልጣኑ ነው?

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሞዴል ሠሪዎች ከአውሮፕላኑ መቆሚያ ላይ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የጓዱን ስም፣ የአብራሪውን ስምና ዓመቱን መጻፍ ይወዳሉ። እዚያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ የወደቀባት ከተማ ስም፣ የሠሩት እስረኞች የነበሩበት ካምፕ ስም። ይህም የቅመማው አካል ነው፤ ያለ እርሱ ቀለሙ ትክክል አልመጣም።

ለእኛ ለጽሑፍ ወዳጆችም ትምህርት አለው። የጀግናውን ጋሻና የፈረሱን ጌጥ አሳምረን የገለጽንበት፣ ከፈረሱ ኮቴ ሥር የነበረውን ግን የዘለልንበት ገጽ ስንት ነው? የዚህ ቀለም ሥራ ከመጀመሪያውም መሸሸግ ነበር። ከታሪኩ የቀረልን ቀለሙ ብቻ ከሆነ፣ ዛሬም ሥራውን እየሠራ ነው።