ንጉሥ ሰሎሞን ቢሮ ተሰጥቶት ቢመጣ

በየአገሩ የታወቀ የሴት አማላይ አለ። ስፔኖች ዶን ሁዋን የሚባል የቴአትር ሰው አላቸው፤ ቬኒስ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን ካዛኖቫን አፍርታለች። የእኛው ከሁለቱም ይልቃል፤ ነገር ግን በዚህ ስም ጠርተነው አናውቅም። ንጉሥ ሰሎሞን ነው። መጽሐፈ ነገሥት 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች ይቆጥርለታል፤ ክብረ ነገሥት ግን ከእነዚያ ሁሉ ይልቅ የአንዲቱን፣ የማክዳን ነገር አስፍቶ ይተርክልናል።

ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ የአዲስ አበባ ሠዓልያን በሸራ ላይ በተርታ እየሣሉ ለቱሪስት ሲሸጡት ኖረዋል። ስለዚህ ለክርክሬ የሚያስፈልገኝን ብቻ ላስታውስ። ንግሥቲቱ በኃይል እንዳይደርስባት አስማለችው። እርሱም በአጸፋው በቤቱ ካለው ነገር አንዳች በኃይል እንዳትወስድ አስማላት። አስቀድሞ ግን በርበሬና ሆምጣጤ የገባበት፣ ጥም የሚያስነሣ ግብር አብልቷት ነበር። ሌሊት ውሃ በምታይበት ስፍራ አስቀመጠና የተኛ መስሎ ጠበቀ። ልትጠጣ ስትል እጇን ያዘና መሐላሽን አፈረስሽ አላት።

ለመሆኑ ጥማቱን የፈጠረው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በታሪክ ክፍል ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። የምንሰማው «የሰሎሞን ጥበብ» የሚለውን ነው።

እንግዲህ ይህ ንጉሥ ዛሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ቢመጣ ምን ሆኖ የሚመጣ ይመስላችኋል? ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቀድሞዋን ሞንቆረር መናገሻ ካደረጓት ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ግብር የሚያበላ ቤተ መንግሥት አያገኝም። እኔ እንደምገምተው በዶክትሬት ማዕርግ ይመጣል። ቢሮ፣ ቁልፍ፣ የቴሌግራም ቡድንና የግሬድ ወረቀት ይኖረዋል። በርበሬውን በምግብ አያደርገውም። የመመረቂያ ጽሑፏን ሦስት ወር ሳያነብ ያስቀምጠዋል፤ «ኤፍ» ሊሰጣት እንደሚችል በቀልድ መልክ ጣል ያደርጋል፤ የድጋፍ ደብዳቤውን «ነገ ነይ» እያለ ያዘገያል። ጥሙ ሲጸና ውሃውን ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። ውሃው ፊርማ ነው። ከዚያም ማንም እንዳላስገደዳት ይምላል፤ የሚያሳዝነውም መሐላው በቃል ደረጃ እውነት መሆኑ ነው።

ልጅቱስ ማን ናት? ማክዳ ሠራዊትና ግመል ያላት ንግሥት ነበረች። ይህችኛዋ ግን በመንግሥት ምደባ ከሩቅ ወረዳ የመጣች፣ የወር ወጪዋን ከቤተሰቧ በጭንቅ የምትቀበል ናት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ «አባቴ ቤት እሄዳለሁ» ማለት እንኳ አትችልም።

የሙያ ባልደረቦቼ ሲከራከሩኝ የሚያነሡት አንድ ቃል አለ፤ «ዐዋቂ ናት»። ማክዳም ዐዋቂ ነበረች! በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ማምለጫ ለመዝጋት ሞክሯል። አንቀጽ 620 በኃይል ወይም በብርቱ ዛቻ የሚፈጸመውን አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሰሎሞን ከዚህ ያመልጣል። አንቀጽ 625 ግን የሴትን ችግር ወይም በእርሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መሣሪያ ያደረገውን ሰው ይመለከታል፤ ከሚጠቅሳቸውም አንዱ መምህር ነው። እዚህ ላይ ንጉሡ ይያዛል ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ቅጣቱ ቀላል እስራት ብቻ ነው፤ ክሱም የሚነሣው በግል አቤቱታ ነው። ለእንዲህ ያለው አቤቱታ ሕጉ በመርሕ ደረጃ የሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ከአንድ ሴሚስተር ያንሳል። ተማሪዋ ከሳሽ ሆና ፖሊስ ጣቢያ የምትቆመው ፈተናዋን ገና እርሱ ሳያርም ነው ማለት ነው። ይህን የጻፉት ሰዎች የዩኒቨርሲቲ ካላንደር አይተው ያውቁ ይሆን?

ክብረ ነገሥትን ለማቃለል እንደማልጽፍ ይታወቅልኝ። እንዲያውም ቅሬታዬ መጽሐፉን በግማሽ ማንበባችን ነው። በዚያው መጽሐፍ የፈርዖን ልጅ ሰሎሞንን ራሱን እንዴት እንዳጠመደችው ተጽፏል። በመሐላ አስራው፣ በበሩ ላይ ቀይ ፈትል ዘርግታ ጎንበስ ብሎ እንዲያልፍና ሦስት አንበጣ እንዲገድል አደረገችው። እርሱም በደል መሆኑን እያወቀ መሐላውን ላለማፍረስ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ለጣዖቶቼ ሰገድህ፣ ሠዋህ አለችው። ዘዴው ያው የራሱ ዘዴ ነው፤ መሐላ አለ፣ እዚህ ግባ የማይባል ትንሽ ነገር አለ፣ ወጥመድ አለ። መጽሐፉ የፈርዖንን ልጅ ሥራ ማሳት ይለዋል። የሰሎሞንን ሥራ ግን ለዘር እንጂ ለሴሰኝነት አይደለም እያለ ይሟገትለታል። ሟጋቾቹ ዛሬም አልጠፉም፤ «ሊያገባት አስቦ ነው» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምታችኋል?

የዚያች ሌሊት ውጤት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 ላይ ሳይቀር ሰፍሮ ነበር፤ የዙፋኑ ሐረግ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ እንደሚመዘዝ ተደንግጎ ነበር። ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ወደቀ። ተንኮልን ጥበብ ብሎ የመጥራቱ ልማድ ግን አዋጅ አልወጣበትም።

የጎጃም አንባቢ «በዛብህስ?» እንደሚለኝ እጠብቃለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ መምህር፣ ሰብለ ወንጌልም ተማሪ ነበረች፤ እውነት ነው። ነገር ግን በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሥልጣኑ የማን ነበር? ሸሽቶ አዲስ አበባ የገባው መምህሩ ነው። የመምህርና የተማሪ ፍቅር ሁሉ ወንጀል ነው አላልሁም። ግሬዱን ማን ጨብጧል ነው ጥያቄዬ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በአንቀጽ 625 የተመለከተው ወንጀል ተፈጻሚው መምህር በሆነ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ያለ ግል አቤቱታ ይክሰስ። የፈተና ወረቀት በስም ሳይሆን በኮድ ይታረም፤ የመመረቂያ ጽሑፍም ከአማካሪው ሌላ ሁለተኛ ፈራሚ ይኑረው፤ በተወሰነ ቀን ያልተነበበ ጽሑፍ ያለ ልመና ወደ ሌላ አማካሪ ይዛወር። ይህን ስናገር «የመምህሩን ክብር ይነካል» ተብያለሁ። የሚነካው የትኛው ክብር እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ቢጽፍልኝ ሐሳቡን ሳልቆርጥ እዚሁ አወጣለታለሁ፤ «ዐዋቂ ናት» የሚለውን ብቻ ይተውልኝ።