ስለ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ልክ

ልክ የፍርድ መጀመሪያ ነው። ገበሬ ግብሩን የሚከፍለው መሬቱ ተለክቶ፥ ነጋዴም ዋጋውን የሚቀበለው ዕቃው ተመዝኖ ነው። ልኩ ባልታወቀ ነገር ላይ የሚቆረጥ ሕግ፥ የሕግ አውጪው አሳብ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፥ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን ሳይጎዳ አይቀርም። ይህም በየብስ እንደሚሆን ሁሉ በውኃ ላይም ይሆናል።

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱም ከ20 ሜትር ጥቂት ያልፋል። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ በዓይን አይታይም። ቆሮሶ፥ አምባዛና ቢልጫ ይገኙበታል፤ ከነዚህም ገበያ አብልጦ የሚፈልገው ቆሮሶን ነው። በአሞራ ገደል ዳርቻ ዓሣ የሚያወርደው፥ የሚያጸዳውና የሚሸጠው ሕዝብ ሁሉ ኑሮው የተመሠረተው በዚህ ውኃ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ሐይቅ እንደ አንድ ቤተ ሰብ ጎተራ ነው፤ ከጎተራው የሚወስደው ማን እንደ ሆነና በምን ያህል ቍና እንደሚወስድ ካልታወቀ፥ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ክረምት ከገባ በኋላ ነው።

መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315ን ሲያውጅ፥ ለገበያ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲይዝ ማድረጉ ሀብቱን ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን የጀልባ ቍጥር ብቻ ተመዝግቦ መጠኑ ቢቀር ፈቃዱ ምን ይጠብቃል? ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር፥ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ጀልባ አለ እንበል፤ ሦስቱ ልክ ቢባዛ 2 ይሆናል። ርዝመቱ 8፥ ወርዱ 2፥ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ሌላ ጀልባ ደግሞ ሲባዛ 16 ይሆናል። ርዝመቱ እጥፍ ብቻ ሳለ ሆዱ ስምንት እጥፍ ሆነ። በመዝገብ ላይ ሁለቱም «አንድ ጀልባ» ተብለው ቢጻፉ፥ በመቅዘፊያ የሚደክመው ድኃና ብዙ መረብ ጭኖ በሞተር የሚሄደው ባለ ገንዘብ እኩል ተቈጠሩ ማለት ነው። ቍጥር ይቀነስ የተባለ ቀንም ሁለቱ እኩል ይቀነሳሉ። ይህ ፍርድ አይደለም።

ርዝመትን ብቻ መለካትም እንደማይበቃ ከሌላው ዓለም መማር ይቻላል። በአላስካ በብሪስቶል ቤይ የሳልመን ዓሣ የሚያጠምድ ጀልባ ከ32 ጫማ እንዳይረዝም ሕግ ቢከለክል፥ ባለ ጀልባዎች ርዝመቱን ጠብቀው ወርዱን እያሰፉ ሠሩ። ካህናትም እንደሚያውቁት፥ የኖኅ መርከብ ልክ በኦሪት ዘፍጥረት የተነገረው በርዝመት ብቻ ሳይሆን በሦስት ነው፤ ርዝመቷ 300፥ ወርዷ 50፥ ቁመቷ 30 ክንድ ነበረ። ክንድ ግን ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለዛሬ መዝገብ የሚበጀው ሜትር ነው።

ታላላቆች መርከቦች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. በሎንዶን የተፈረመው የመርከብ ቶን ልክ ውል፥ የመርከቡን የተዘጋ ክፍል ሁሉ ይዘት ለክቶ ቶኑን ያወጣል። ነገር ግን ውሉ ርዝመታቸው ከ24 ሜትር በታች ለሆኑት አይሠራም፤ ክፍት የሆነ የሐይቅ ጀልባም የተዘጋ ክፍል የለውም። ስለዚህ ለሐዋሳ የሚሆነውን ደንብ ከውጭ መጠበቅ አይገባም።

የሚያስፈልገው ነገር ከባድ አይደለም። አንደኛ፥ ርዝመት ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ፥ የሞተሩ ርዝመት ሳይጨመር፤ ወርድ እጅግ በሰፋበት ቦታ፤ ጥልቀትም በመካከል ከከንፈሩ እስከ ወለሉ ይለካ። ሁለተኛ፥ ጀልባው በምን እንደ ተሠራ፥ በመቅዘፊያ ወይም በሞተር እንደሚሄድ ተጽፎ በማዕርግ ይመደብ። ሦስተኛ፥ ቍጥሩ በጐኑ ላይ በቀለም ይጻፍ፤ ሊሸከም የሚችለው ጭነትም በምልክት ይታይ። በጌንሴሬጥ ሁለት ታንኳዎች በዓሣ ብዛት ሊሰጥሙ መቃረባቸውን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ይመሰክራል፤ ስለዚህ ልክ የሚጠብቀው ዓሣውን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ሕይወት ነው።

የሐይቁ ዳርቻ የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎች ነው፤ ዓሣው ግን ወሰን አያውቅም። በምሥራቅ ዳር በአንድ ልክ፥ በምዕራብ ዳር በሌላ ልክ ቢመዘገብ፥ ባለ ጀልባው ወደሚቀለው ዳር ይቀዝፋል። ስለዚህ የሁለቱ ክልሎች ሹማምንት ከግብርና ሚኒስቴር ጋራ ተማክረው አንድ መለኪያና አንድ ዓይነት መዝገብ ሊይዙ ይገባል።

አጥማጁ ልኬቱን የግብር መጀመሪያ መስሎት ቢፈራ አይፈረድበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬት ያለ ክፍያ፥ በራሱ ፊት፥ በዳርቻው ላይ ይደረግ፤ የልኩም ወረቀት በእጁ ይሰጠው። ጀልባው ትልቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ብቻ አይወሰድበት። ይህን ለሕዝቡ በማስረዳት ረገድ የካህናት ቃል ከደብዳቤ ይልቅ ይሰማል።

የጀልባ ልክ ብቻውን ዓሣን አያበዛም፤ የመረቡ ርዝመትና የዓይኑ ጥበትም ሊጠበቅ ይገባል። ነገር ግን የመረቡን ተሸካሚ ሳያውቁ መረቡን መቈጣጠር አይቻልም። ሹማምንት ዛሬ ሜትር ይዘው ወደ ዳርቻው ቢወርዱ፥ ነገ ስለ ጐደለው ዓሣ በአጥማጆች መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚታመን መዝገብ ለመፍረድ ይችላሉ።