«የቱ ይበልጣል?» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ዒደል ፊጥር ለዝየራ ከገባንባቸው ቤቶች በአንዱ የገጠመንን ጉዳይ ለዚህ ወር አምዳችን መርጠነዋል። ሲሰሙት የሚያስቅ ነገር ነው። የአክስታችን ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች በልጅነታቸው በተጫወቱት የቪዲዮ ጌም ምክንያት ተኳረፉ። ሁለቱም ዛሬ ከሠላሳ ዓመት ያለፉ የልጆች አባቶች ናቸው።

በ1992 ዓ.ም. ጅዳ ይሠራ የነበረው አጎታቸው ለእረፍት ሲመጣ ኒንቴንዶ 64 የተባለውን ማጫወቻ ከሦስት ካሴቶች ጋር ይዞላቸው መጣ። ካሴቶቹ ሱፐር ማሪዮ 64፣ ጎልደንአይ 007 እና ኦካሪና ኦፍ ታይም የተባለው የዜልዳ ጌም ነበሩ። እነሆ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ከሦስቱ የቱ ይበልጣል?» የሚለው ክርክር በዚያ ቤት አልተዘጋም። ታላቁ ለዜልዳ፣ ታናሹ ለጎልደንአይ፣ እህታቸው ደግሞ ለማሪዮ ይሟገታሉ።

በዒዱ ቀን ቡናው እየተፈላ ክርክሩ ተነሣ። ታናሹ መረታቱን ሲያውቅ፣ «ያንተ ጌም የሙስሊሞችን የጸሎት ድምፅ ለመጫወቻ ያዋለ ነው። አንተ ደግሞ እስከ ዛሬ ጠበቃው ሆነሃል!» አለው። ታላቁ ሲኒውን አስቀመጠና ሳይሰናበት ወጣ። አክስታችን ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር በል እንጂ» ቢሉን፣ «እማማ፣ ይህ የሕፃናት ነገር ነው፤ ይተዉት» ብለን አለፍነው።

ስሕተቱ የእኛ ነበር። ነገሩን ንቀን ባለፍነው ጊዜ ኩርፊያው ሥር ሰደደ። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት ለተማሪዎቻችን ስናስተምር የኖርን ሰዎች፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሳምንታት ሲያሳልፉ ዝም ብለን አየን።

መድረሳ ሳለን ሼኻችን ሁለት ደረሳ ሲከራከር ካዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ተሕሪሩ መሐሊን ኒዛዕ የት አለ?» ብለው ነበር። የክርክሩን ቦታ ለዩ ማለታቸው ነው። በምን እንደተለያያችሁ ሳታውቁ አትሟገቱ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን ደግሞ መለኪያውን ሳይጠራ ቁጥር ብቻ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኝ ነበር። ሁለቱ መምህራን ተገናኝተው ባያውቁም ያስተማሩን አንድ ነገር ነው። «ይበልጣል» የሚል ሰው በምን እንደሚበልጥ ይናገር።

እስቲ ሦስቱን ጌሞች በየመለኪያቸው እንያቸው።

መለኪያው መንገድ መክፈት ከሆነ ማሪዮ ይቀድማል። ማሪዮ 64 እ.ኤ.አ. በሰኔ 1996 ማጫወቻው ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ በቀረበበት ቀን አብሮት የወጣ ሲሆን፣ የሠራውም በሺገሩ ሚያሞቶ የሚመራው ቡድን ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዋና ዋናዎቹ የማሪዮ ጌሞች በአመዛኙ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያስኬዱ ነበሩ። በዚህኛው ግን ሜዳው በሁሉም አቅጣጫ ተከፈተ። የጆይስቲኩ ዘንግ በቀስታ ሲገፋ ማሪዮ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ አጥብቀው ሲገፉት ይሮጣል። በጌሙ የሚሰበሰቡት ኮከቦች 120 ናቸው። በሽያጭም ቢሆን ከአሥራ አንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ በመሸጥ ከማጫወቻው ጌሞች ሁሉ አንደኛ ነው።

መለኪያው ሰውን ማሰባሰብ ከሆነ የታናሹ ክርክር ውኃ ያነሣል። ኒንቴንዶ 64 ሌላ ዕቃ ሳይጨመርበት አራት ጆይስቲክ ይቀበላል። ጎልደንአይ ደግሞ አንዱን ቴሌቪዥን ለአራት ከፍሎ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ያጫውታል። ሬር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ይህ ጌም በ1995 በወጣ ፊልም ላይ የተመሠረተ ነው። የሚገርመው፣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የአራት ሰው ጨዋታ ሥራው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ የተጨመረ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ጌሙ የተኩስና የግድያ መሆኑን ወላጅ ሊዘነጋው አይገባም።

መለኪያው ስፋትና ምሉዕነት ከሆነ ደግሞ ታላቁን የሚረታው የለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 የወጣው ይህ የዜልዳ ጌም ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁበት፣ በፈረስ የሚጋለብበት፣ ሊንክ የተባለው ልጅ ሰባት ዓመት ወደፊት ተሻግሮ በጎልማሳነቱ የተበላሸች አገሩን የሚያይበት ታሪክ ነው። በሰይፍ ውጊያ ጊዜ አንዲት ቁልፍ ሲጫኗት ዓይን ከጠላት ላይ እንዳይነሣ የምታደርገው ዘዴ ከዚያ ወዲህ በወጡ ብዙ ጌሞች ተወስዳለች። ጌሙ 32 ሜጋባይት በሚይዝ ካሴት ውስጥ የገባ ነው። በዚያው ዘመን ፕሌይስቴሽን የሚጠቀምበት ሲዲ ግን ወደ 650 ሜጋባይት ይይዝ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንመለስ። ታናሹ የተናገረው ከእውነት የራቀ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ የጌሙ ቅጂዎች የእሳት ቤተ መቅደስ በተባለው ክፍል የሙስሊሞች ጸሎት የሚሰማበት ዜማ ነበረ። ኒንቴንዶ በኋላ ባወጣቸው ቅጂዎች ያንን ዜማ በሌላ ተክቶታል። ከዚያም በጌሙ ውስጥ የነበረውን ጨረቃና ኮከብ የያዘ ምልክት ለውጦታል። እንግዲህ ቅር መሰኘት ተገቢ ነው፣ የተስተካከለውንም ተስተካክሏል ማለት ፍትሕ ነው። ሆኖም በአሥር ዓመቱ የማያውቀውን ነገር የተጫወተን ወንድም ዲኑን እንደናቀ ማስመሰል ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ቃል የተነገረው ለዲን ተቆርቁሮ ሳይሆን ክርክር ለመርታት ነበር። ዲን ደግሞ የተረታ ሰው የሚያነሣው ዱላ አይደለም። ያንን በር ከከፈትነውም ሲተኩስ የዋለው ታናሹ ራሱ በዚያው በር መግባቱ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ይዘን ሁለቱንም በየቤታቸው ዘየርናቸው። የጠየቅናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይበልጣል ስትል ምን ማለትህ ነው?» አልናቸው።

ታናሹ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ያኔ አባታችን ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር። ቤቱ ጭር ይላል። ጎልደንአይ ሲከፈት ግን ወንድሜ፣ እህቴና የጎረቤት ልጅ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ወንድሜ ከእኔ ጋር የሚቀመጠው ያኔ ብቻ ነበር» አለን።

ታላቁ ደግሞ እንዲህ አለ። «እናንተ ከተኛችሁ በኋላ መዝገበ ቃላት ይዤ ዜልዳን ብቻዬን እጫወት ነበር። ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ዛሬ የምሠራበትን እንግሊዝኛ የጀመርኩት እዚያ ነው። ወንድሜ ያንን ጌም ሲያንኳስስ ያንን ሌሊት ሁሉ ያንኳሰሰብኝ መሰለኝ።»

ተመልከቱ፣ ውድ አንባብያን! አንዱ ስለ አብሮነት፣ ሌላው ስለ ትጋት ሲናገር ኖሯል። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሲከራከሩ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። እኛ ያደረግነው የአንዱን መልስ ለሌላው ማድረስ ብቻ ነው። በዚያው ማታ ታናሹ ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ ዲንን መጥራት አልነበረብኝም፤ ዐውፍ በለኝ» አለ። ታላቁም «ጆይስቲኮቹ እኔ ጋ ናቸው፣ ልጆቹን ይዘህ ና» ብሎ መለሰለት። አልሐምዱ ሊላህ።

እህታቸው ግን «ፍርዱስ?» ብላ አልለቀቀችንም። ለእኛ፣ ለልጆች ቤት ከሦስቱ የሚሻለው ማሪዮ ነው። ሰው አይገደልበትም። አንድ ኮከብ ከተገኘ በኋላ ጌሙ ራሱ ላስቀምጥልህን ብሎ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አዛን ሲሰማ ለመነሣት ይመቻል። መለኪያችን ይህ ነው። ሌላ መለኪያ ያለው ሌላ ቢመርጥ አንጣላውም።

እናንት ወላጆች፣ ልጆቻችሁ «የቱ ይበልጣል?» ብለው ሲሟገቱ እንደ እኛ «የሕፃናት ነገር» ብላችሁ አትለፉት። ቁጭ በሉና «በምን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እናንት ወጣቶች ደግሞ ክርክሩ ሲያይልባችሁ ከጨዋታው ውጭ ያለ ድንጋይ አታንሡ።

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።