የሞተ ከብት የት ይቀበር?

ከብት ሲሞትብን ጎትተን ገደል የምንጥል አለን። ቆፍረን የምንቀብርም አለን። መቅበሩ ይሻላል፤ ውሻና ጅብ በሽታውን ይዘው አይዞሩም። ታዲያ ተቀበረ ማለት አለቀለት ማለት አይደለም።

የከብት አካል ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ሲበሰብስ ፈሳሹ ይወጣል። ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች ነዋ! በአፈሩ ውስጥ ይሰርጋል። ከሥር የምንጭ ውኃ ካለ ይገናኛሉ።

በ1993 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አፍተግር ገባ። በዚህ የተነሣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ከብት፣ በግና አሳማ ተገደለ። ከፊሉ በትልልቅ ጉድጓድ ተቀበረ። ከአንድ ትልቅ ላም በሁለት ወር ውስጥ 160 ሊትር ያህል ፈሳሽ እንደሚወጣ ባለሙያዎች ገመቱ። ይኸ 8 ጀሪካን ነው። የነሱ ላም ከኛ ትገዝፋለች፤ ግማሹ እንኳ ቢሆን 4 ጀሪካን ነው። እነሱ ፈሳሹን አጠራቅመው በቦቴ መኪና ያነሡት ነበር። እኛ ቦቴ የለንም። የምንችለው ቦታ መምረጥ ነው።

በፈሳሹ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ተሕዋስያን ውኃው ሲፈላ ይሞታሉ። ናይትሬት የሚባል ነገር ግን ከብስባሹ ይፈጠራል። አይታይም፤ አይሸትም። ብናፈላውም አይጠፋም። እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲያንስ እሱ ይበረታል። ጡት የማይጠባ ጨቅላ ሕፃን በዚህ ውኃ የተበጠበጠ ወተት ከጠጣ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ሊሞትም ይችላል።

ስለዚህ መቅበሪያው ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 250 ሜትር ይራቅ። በእግር ወደ 350 እርምጃ ነው። ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት አይሁን። ስንቆፍር ከሥሩ ውኃ ካፈለቀ፣ ድካሙ ቢቆጨንም ትተነው ሌላ ቦታ እንቆፍር።

«ቆዳውስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቆዳ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ከብቱ ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ጥቁር ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ቢላዋ አይንካው! በድኑ ሳይከፈት ከበሰበሰ አብዛኛው የአባ ሰንጋ ተሕዋስ እዚያው ውስጡ ይሞታል። ከተከፈተ ግን አየር ያገኛል፤ ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል። እንዲህ ሆኖ በአፈር ውስጥ ብዙ አሥር ዓመታት ይቆያል። የልጅ ልጆቻችን ከብት እዚያ ሲግጥ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ከብት ሲሞት የእንስሳት ሐኪም እስኪመጣ ማንም አይንካው። ከተቀበረም በኋላ ቦታው በእሾህ ይታጠር፤ የበቀለበት ሣር አይታጨድ።