ካርታው ላይ የሌለችው የቤት እመቤት

«ዘመናዊ ቤት ሠሩ» ሲባል ምን ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ ለአሥር ሰው ቢያቀርቡ አሥሩም የሚመልሱልዎት ስለ ዕቃ ነው። ብሎኬቱን፣ ሴራሚኩን፣ የጂፕሰም ኮርኒሱን፣ የአልሙኒየም መስኮቱንና ግቢውን ከመንገድ የሚጋርደውን ትልቅ የብረት በር ይቆጥሩልዎታል። የጭቃው ቤት ኋላ ቀር፣ የብሎኬቱ ዘመናዊ! ነገሩ እንዲህ ከሆነማ ዘመናዊነት ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣ ሸቀጥ ነው ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የአንድ ቤት ዘመናዊነት የሚታወቀው «ማን ደከመበት? በማን ስም ቆመ? ውስጡስ ማን በጭስ ይታጠናል?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከተመዘኑ፣ ባልና ሚስት «ሠራነው» ብለው በድግስ ከሚያስመርቋቸው ቤቶች ብዙዎቹ ፈተናውን ይወድቃሉ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንውሰድ። የጉራጌ ወንድ እንጀራ ፍለጋ ከአገሩ መውጣቱ የቆየ ታሪክ ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቡታጅራ ደግሞ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለዚህም ሱቁ መርካቶ፣ ቤቱ አገር ቤት የሆነ ባል ጥቂት አይደለም። ታዲያ ቤት ሲሠራ ከሥራው ላይ የሚቆመው ማነው? ሚስቲቱ ነች። አሸዋው ሲራገፍ ልኩን የምታየው፣ ሲሚንቶው ሌሊት እንዳይሰወር የምትጠብቀው፣ ከግንበኛውና ከአናጢው ጋር የምትከራከረው፣ የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ የምትይዘው እሷ ነች። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ቧንቧው በደረቀበት ሳምንት በጀሪካን እያመላለሰ ዓምዱን የሚያጠጣው ማነው? ባልየው በስልክ «የት ደረሰ?» ይላል፤ ዕቁብ ሲወጣለት ይልካል። መላኩ ድካም አይደለም አልልም። ነገር ግን ገንዘቡ የቤቱ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ የሴትየዋ ጉልበትና እንቅልፍ ነው።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ወንዱ ከተማ ሲሰነብት እንሰቱን የምትፍቀው፣ ከብቱን የምታየው፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ዘመድ ከመግባቱ በፊት ግድግዳውን የምትለስነውና ወለሉን የምትለቀልቀው ሴት ነች። የጎየውን፣ ያን ታላቅ ክብ ሣር ቤት፣ ምሰሶ ያቆሙት ወንዶች ናቸው፤ ቤት ያደረገው ግን የሴት እጅ ነው። የጭቃው ዘመን ሲያልፍ ልስኑ ወደ ሴራሚክ ተለወጠ እንጂ የሴቲቱ ድካም አልተለወጠም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ወረቀት በሚወጣበት ዕለት ነው። ያን ዕለት ባል ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ፕላኑም፣ የግንባታ ፈቃዱም፣ ካርታውም በአባወራው ስም ይወጣል። ሚስትየው «የእኔስ?» ብትል ነገር ፈላጊ ትባላለች። «ምን ልዩነት አለው? ሕጉ እንደሆነ ግማሹን ይሰጥሻል» የሚል አዋቂም አይጠፋም።

ይህን መከራከሪያ አቃልዬ አላልፈውም፤ ግማሽ እውነት አለውና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 35 የሴትን ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት አስቀመጠ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ፣ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይቆጥረዋል፤ የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ሁለቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አካል ከመሆናቸው በፊት ይገኙበት የነበረው የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። እሰየው!

ግን ልብ እንበል። ሕጉ የሚደርስላት ፍርድ ቤት ስትቆም ነው። ፍርድ ቤት ለመቆም ደግሞ ጠበቃ፣ ምስክር፣ ትራንስፖርትና ከሁሉ በላይ የዘመድን ፊት የሚችል ልብ ያስፈልጋል። ሰው ፊት ላይ የተጻፈውን ስም ነው የሚያየው። ባል ቢሞት ወንድሞቹ የሚያነሡት ካርታውን ነው፤ ባል ሊሸጥ ቢያስብ ገዢ የሚያገላብጠው ያንኑ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። ልዩነት ከሌለውስ፣ ስሟን ለማስገባት ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? ልዩነት ስላለው ነዋ!

የሚገርመው ገጠሩ ከከተማው ቀድሞ መገኘቱ ነው። በአማራና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ1990ዎቹ መሰጠት የጀመረው የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ጽፎ፣ ፎቶግራፋቸውንም አብሮ እንዲይዝ ተደርጓል። ኋላ ቀር የምንለው ገበሬ በደብተሩ ላይ ከሚስቱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲታይ፣ ባለ ቪላው ነጋዴ ብቻውን ቆሟል። ታዲያ ዘመናዊው የትኛው ነው?

«ባህላችን ነው» የሚሉም አሉ። የትኛው ባህል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ወርድወት የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ሴት ባሏን ትምረጥ፣ መፍታትም ይቻላት ብላ የተከራከረችው እዚሁ ጉራጌ ምድር ነው። ባል ካልለቀቀ ሚስት ሌላ እንዳታገባ የሚያስረውን አንቂት የተባለ ልማድ ስትሞግት ከውጭ አገር የመጣ አማካሪ አልነበራትም። ክርክሯ በዘመናችን መድረክ ላይ ወጥቶ ተመልካች አጨብጭቦላታል። አጨብጭቦ ወደ ቤቱ የገባው ባል ግን ካርታውን ከፍቶ ይየው እስቲ። ባህል የሚጠቀሰው ለወንድ ሲመች ብቻ ከሆነ ሰበብ እንጂ ባህል አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ጭሱ ነው። በነዚህ ቤቶች ውስጥ ሁለት ማድ ቤት አለ። አንደኛው ሳሎን አጠገብ፣ ባለ ካቢኔት፣ እንግዳ የሚጎበኘው ነው። ሁለተኛው ከጓሮ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ እንጀራው የሚጋገርበት፣ ቆጮው በኮባ ተጠቅልሎ የሚበስልበት ነው። ሚስቲቱ የምትውለው በየትኛው ይመስልዎታል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ላይ ለ3.2 ሚሊዮን ሰው ሞት ምክንያት እንደሆነ ገምቷል። በጎየውም ምድጃው ይጨስ ነበር፤ አልክድም። ሆኖም በዚያ ቤት ጭሱን ሽማግሌውም፣ ሴቲቱም፣ ሕፃኑም አብረው ይተነፍሱት ነበር። ዘመናዊው ቤት ያመጣው ለውጥ ጭሱን ለአንዲት ሴት ብቻ ማድረጉ ነው። ለሳሎኑ ኮርኒስ የወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለጓሮው ማድ ቤት መስኮትና ጭስ ማውጫ ቢውል ቤቱ ይፈርስ ነበር?

ብሎኬት አይሠራ፣ ወደ ሣር ቤት እንመለስ አላልኩም። የምለው ቀላል ነው። ፕላን ሲነደፍ ሚስት ከነዳፊው ፊት ትቀመጥ፤ በማድ ቤቱ የምትውለው እሷ ናትና መጀመሪያ እሷ ትናገር። ማዘጋጃ ቤቶችም ለመዝገብ የሚቀርብ ባለትዳር የትዳር ጓደኛው የት እንዳለ ይጠይቁ፤ በአንድ ካርታ ላይ ሁለት ስም መጻፍን የሚከለክል ሕግ እኔ አላውቅም። ሽማግሌዎችም ቤት ሲመርቁ «ቤቱን የሞላ ያድርገው» ከማለታቸው በፊት ካርታው የማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ባለቤትነቱ ለተነፈጋት ሴት የሚሰጥ ምርቃት ባዶ ነውና።

ባሎችም ይስሙ። ሚስትህ ያንን ዓምድ ሰባት ቀን ስታጠጣ «ቤቱ የማነው?» ብላ አልጠየቀችህም። ስሟን ለማስጻፍ የሚበቃው የአንድ ቀን መንገድ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ሴራሚኩን እስከ ጣሪያ ቢለጥፈውም ቤቱን ዘመናዊ ብሎ አይጥራው።