የኬሚስቱ ምስክርነት

ከናዚ ጀርመን የእልቂት ካምፕ ከአውሽቪትዝ ከተረፉት አይሁዳውያን መካከል ያየውን ሳያጋንንና ሳያሳንስ በመመስከር ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ሌቪን የሚስተካከሉት ጥቂቶች ናቸው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1919 ቱሪን ከተማ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

የሙሶሊኒ መንግሥት በ1938 አይሁዳውያንን ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ የሚያባርሩ የዘር ሕጎች ሲያውጅ ሌቪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሕጉ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ያው መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረ ማግስት፣ በ1937፣ ጣሊያናውያን ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ ከልክሎ ነበር፤ ለ1938ቱ አዋጅ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ይህ ነው። ቀድመው የተመዘገቡ ተማሪዎች እንዲጨርሱ ስለተፈቀደ ሌቪ በ1941 በኬሚስትሪ በማዕረግ ተመረቀ። ዲፕሎማው ላይ ግን የአይሁድ ዘር መሆኑ ተጽፎበታል።

በ1943 መጨረሻ ከፀረ ፋሺስት ታጋዮች ጋር ሳለ ተያዘ። በየካቲት 1944 ጣሊያን ውስጥ ካለው የፎሶሊ ካምፕ 650 አይሁዳውያንን ጭኖ በተነሣው ባቡር ወደ አውሽቪትዝ ተወሰደ። እሱ በነበረበት ፉርጎ ከታጨቁት 45 ሰዎች ቤታቸውን ዳግም ያዩት አራት ብቻ ናቸው።

በአውሽቪትዝ ሥር በነበረው የሞኖቪትዝ ካምፕ ሰው ሠራሽ ጎማ ለማምረት በሚገነባው ፋብሪካ በጉልበት ሥራ ተሰማራ፤ ኋላም በሙያው ላቦራቶሪ ገባ። ከዚያ የሰረቃቸውን ትንንሽ የሴሪየም ዘንጎች ከጓደኛው ጋር ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቀው እየፋቁ የላይተር ድንጋይ አደረጓቸው። አንዷ ድንጋይ የአንድ ቀን ዳቦ ታወጣለች። ከዚህ በላይ ግን በሕይወት ያቆየው ሎሬንዞ ፔሮኔ የተባለ ጣሊያናዊ ግንበኛ ነው። እስረኛ ያልሆነው ይህ ሰው ስድስት ወር ሙሉ ዳቦና የተረፈ ሾርባ ሲያቀብለው ምንም ዋጋ አልጠየቀም። ሌቪ ሁለቱን ልጆቹን በእሱ ስም ሊዛ ሎሬንዛ እና ሬንዞ ብሏቸዋል።

ካምፑ በጥር 1945 ነፃ ቢወጣም ሌቪ ቱሪን የደረሰው ብዙ አገር ተንከራቶ በጥቅምት ነው። በ1946 የቀለም ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ በትርፍ ጊዜው «ይህ ሰው ከሆነ» የተሰኘውን መጽሐፉን ጻፈ። ካምፕ ሳለ እየተመላለሰ የሚያስጨንቀው ሕልም ነበረው፦ ቤቱ ገብቶ መከራውን ሲያወራ የሚሰማው ያጣል፤ እህቱም ቃል ሳትተነፍስ ተነሥታ ትሄዳለች። ሕልሙ ደረሰ ማለት ይቻላል። ታላቁ አሳታሚ ኤይናውዲ መጽሐፉን አልቀበልም አለ፤ በ1947 አንድ ትንሽ አሳታሚ 2,500 ቅጂ ብቻ አተመው። ጦርነት የሰለቸው ሕዝብ ጆሮውን መንፈጉ ይገባል፤ ለተራፊው ግን ሁለተኛ በደል ነበር። ኤይናውዲ መጽሐፉን ያወጣው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ነው።

ሌቪ በሌላ የቀለም ፋብሪካ እስከ ሥራ አስኪያጅነት ደርሶ ጡረታ ወጣ። ወደ ትምህርት ቤቶችም እየሄደ ለተማሪዎች ይናገር ነበር። ጀርመኖችን ይጠላ፣ ይቅርም ብሏቸው እንደሆነ ተማሪዎቹ ደጋግመው ለሚጠይቁት ጥያቄ በመጽሐፉ የ1976 እትም በጽሑፍ መልሷል፦ ጀርመኖችን አይጠላም፤ ጥፋተኞቹን ግን በቃል ሳይሆን በተግባር እስካልተጸጸቱ ድረስ ይቅር አላለም።